ሩቅ ናት፤ ተኙ

«እባካችሁ ጫማችሁን በር ላይ አትከምሩት! በአንድ ለቅሶ ላይ ሌላ ለቅሶ ልትደርቡብን ነው?»

የሟች ታላቅ እህት ናት። በአንድ እጇ የሻይ ፔርሙዝ፣ በሌላው የብርጭቆ ትሪ ይዛ፣ መንገድ የዘጋባትን አንድ ጥንድ ጫማ በእግሯ ገፋ አደረገች። ለቀስተኞቹ ፈገግታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ወንድሟን ቀብራ እንኳ አፏ አልዶለዶመም፤ እውነቱን ለመናገር ግን በእነዚህ ቀናት ቤቱን ያቆመው ያው አፏ ነው።

የሟች ሚስት ግን አልሳቀችም። አላለቀሰችምም። ከተማው የሚያውቃት «ልብስ ሰፊዋ» በሚለው ነው። ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ፣ ሰው መጥቶ «ያጥናሽ» ሲላት «አሜን» ትላለች፣ እጁን ትይዛለች፣ «ልጆቹ ደህና ናቸው?» ብላ ትጠይቃለች። ከዚያ ዓይኗ ተመልሶ በሩ ሥር ወደተዘበራረቀው ጫማ ይሄዳል።

«እንባ እንኳ አላወጣችም እኮ» አለች አንዷ ጎረቤት ወደ ጓደኛዋ ጠጋ ብላ።

«እንቅልፍም የላትም አሉ።»

«ባሏን የቀበረች ሴት ምን እንቅልፍ አላት?»

«እሱስ ልክ ነሽ።»

እንቅልፍ የሌላት መሆኑ እውነት ነው። ምክንያቱ ግን ጎረቤቶቹ ያሰቡት ብቻ አልነበረም። ልብስ ሰፊዋ ለብዙ ዘመን አንዲት ዓረፍተ ነገር ሳትሰማ ተኝታ አታውቅም፤ ያቺን ዓረፍተ ነገር የሚናገረው ሰው ደግሞ አሁን የለም።

ከከተማው በላይ ያለው ተራራ አናቱ ክፍት ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ድንጋይ ቀልጦ ሲንተከተክ የሚውል የእሳት ሐይቅ አለ። ሐይቋ አንዳንዴ ወደ ታች ትሰምጣለች፣ አንዳንዴ አብጣ ወደ ጠርዙ ትወጣለች። በጣም ስትወጣ የተራራው ጎን ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ከተሰነጠቀ ደግሞ እሳቱ የሚወርድበት መንገድ የታወቀ ነው፤ በደረቁ ቦይ አድርጎ ቀጥታ ቦይ ሰፈር። በአያቶች ዘመን አንድ ጊዜ ሆኗል። ስለዚህ ጠርዙ ላይ አንዲት የቆርቆሮ ጣቢያ ተሠራች፣ ወደ ሐይቋ ያነጣጠረ ራዳር ተተከለ፣ የልብስ ሰፊዋ ባል ዕድሜውን ሙሉ ያንን ራዳር ጠበቀ። ቀኑ ሊመሽ ሲል በከተማው ሬዲዮ ገብቶ «ሩቅ ናት፤ ተኙ» ይል ነበር። በቃ፣ ሌላ ንግግር የለም። ሐይቋ ከጠርዙ ሩቅ ናት ማለቱ ነው። በክፉ ቀን ደግሞ «ቀርባለች» ይላል። ከዚህ የተነሳ ከተማው የወላጆቹን ስም ረስቶ «ሩቅናት» ብሎ ጠራው።

እሱ ከሞተ ወዲህ ሬዲዮው ቃሉን ትቶ ቁጥር ያነብባል። «የራዳሩ ንባብ ሦስት መቶ ሠላሳ ሜትር» ይላል ዜና አንባቢው፣ በኳስ ውጤትና በአየር ሁኔታ መካከል። ልብስ ሰፊዋ ይህን የመጀመሪያውን ቀን ሰምታ ሬዲዮውን ዘጋችው፣ ላዩ ላይም ቁራጭ ጨርቅ ጣለችበት። ቁጥር ብርድ ልብስ አይሆንም።

«ያቺ ጣቢያው ላይ የተካችው ልጅ ናት ጥፋተኛዋ» አለች ታላቅ እህቱ ሻይ እየቀዳች። «እጇን ይዞ አስተምሯት፣ እንደ ልጁ አድርጎ አሳድጓት፣ ቀብሩ ላይ እንኳ አልተገኘችም። ‹ተረኛ ነኝ› አለች አሉ። ሞትም እኮ ተራ አለው!»

«እታለም፣ ተዪአት» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እሷ ብትወርድ ማን ሊጠብቃት ነው?»

«ማንን?»

«ጣውንቴን ነዋ።»

እህትየው ሳቋ አምልጧት ትሪው ላይ ሻይ ደፋች። ሐይቋን ጣውንቴ ማለት የዚህ ቤት የቆየ ቀልድ ነው። ልብስ ሰፊዋ ገና ሙሽራ ሳለች ባሏ ከእሷ ጋር ከሚያድርበት ቀን ጠርዙ ላይ የሚያድርበት ይበልጥ ነበርና፣ «ምን ታደርግልሃለች ያቺ ቀይ?» እያለች ታበሽቀው ነበር። «ማታ ማታ ‹ሩቅ ናት› ስትል እኔ እኮ የምሰማው ‹ጣውንትሽ ሩቅ ናት› ብለህ ነው» ትለዋለች። እሱም «እሱንም ጨምሬ ነው» ይላል።

አንድ ቀን «ያን ሁሉ ጭስ ለብሳ እንዴት ታያታለህ?» ብላ ጠይቃው ነበር።

«አላያትም» አለ። «እጣራታለሁ። ገደል አፋፍ ላይ ቆመሽ ስትጮኺ የገደል ማሚቶው ይመልስልሽ የለ? ራዳሩም እንደዚያ ነው። ይጣራል፣ ይጠብቃል። መልሱ ፈጥኖ ከመጣ ቀርባለች። ከዘገየ ሩቅ ናት። መልስ ሲዘገይ ደስ ይበልሽ።»

«እና እኔ ላግባሽ ስትለኝ ያን ያህል ጊዜ ዝም ያልኩህስ?»

«ሩቅ ነሽ ብዬ በሰላም ተኛሁ።»

ይሄን ስታስታውስ ከንፈሯ በትንሹ ፈታ አለ። ጎረቤቶቹ ይህንንም አይተው ተያዩ።

የሞተው በሥራ ላይ አልነበረም። ታላቅ እህቱ ለመጣ ሰው ሁሉ «ተራራው ይበላዋል ስንል አልጋው በላው» እያለች ትናገራለች። ከጠርዙ ወርዶ ምሳውን በልቶ «እስቲ ጋደም ልበል» አለ፤ በዚያው ቀረ። ፊቱ ላይ ጭንቀት አልነበረም። ጠንካራዎቹ የተራራ ጫማዎቹ ያን ቀን እንዳወለቃቸው፣ አመድ እንደለበሱ፣ አፍንጫቸው ወደ በሩ እንደዞረ በሩ ሥር ቆመዋል። ለቀስተኛው ዞሯቸው ያልፋል እንጂ የሚነካቸው የለም።

የጫማ ሕግ ያወጣው ራሱ ነው። «ሩቅ ናት» ባለበት ቀን የቤቱ ጫማ ሁሉ አፍንጫው ወደ ውስጥ ይዞራል። «ቀርባለች» ባለበት ቀን ወደ ውጭ፤ ጥሪ ቢመጣ እግርን ሰክቶ ለመሄድ። የእሱ ጫማ ግን ቀረበችም ራቀችም ሁልጊዜ ወደ ውጭ ነበር።

«ያንተስ?» ብላዋለች ስንት ጊዜ።

«እኔ ከተኛሁ ማን ሊነቃ ነው?» ይላል፤ ልጅ ለመሸንገል እንደሚናገር ሰው ጉንጯን ነካ አድርጎ።

በአምስተኛው ቀን የቀትር ዜና ካለቀ በኋላ ከቦይ ሰፈር ዳቦ ጋጋሪው መጣ። ትልቅ ቅርጫት ተሸክሟል፤ ትኩስ ዳቦ ነው። ከጫማው ጋር ታግሎ ገና አንዱን እንዳወለቀ ምሥራቹን ለቀቀው።

«ደስ ይበላችሁ፣ ወርዳለች! ሬዲዮው አሁን ተናገረ!»

«ተመስገን!» አለ ቤቱ። «ሟች ከላይ ሆኖ ጎትቷት ነው» ያለም ነበር። ዳቦው ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ጀመር።

ልብስ ሰፊዋ ቀና አለች። «ማን ናት የወረደችው?»

«ሐይቋ ናታ፣ እትዬ።»

«ሬዲዮው ‹ወርዳለች› አለ ወይስ ‹ወርዷል›?»

ዳቦ ጋጋሪው ግራ ገባው። «ምን ልዩነት አለው? ትናንት ሦስት መቶ ሃያ ነበር፤ ዛሬ ሁለት መቶ ሰማንያ። ቁጥሩ ወርዷል ነው ያለው፣ እንግዲህ እሷ ወረደች ማለት አይደል?»

«አንተ ሰው» አለችው፣ «የራስህን ሰርግ ረሳኸው?»

የዳቦ ጋጋሪውን ሰርግ ከተማው አልረሳውም። ራዳሩ በተተከለ ሰሞን ነው። ከዚያ በፊት ሐይቋን የሚያዩአት ጠርዙ ላይ ቆመው በዓይናቸው ነበር፤ ጭስና ጉም ሲሸፍናት ደግሞ በግምት። ራዳሩን ጭስ አያግደውም። የሚለካው ከጠርዙ እስከ ሐይቋ ፊት ያለውን ርቀት ነው፤ ስለዚህ ሐይቋ ስትወጣ ርቀቱ ያጥራል፣ ቁጥሩ ይወርዳል። ለወጣቱ ጠባቂ ይሄ የጠራ ነገር ስለነበር «ቁጥሩ ወርዷል» ብሎ ወደ ከተማ ላከ። ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ «ቁጥሩ» መንገድ ላይ ወደቀ። «ወርዷል» ደግሞ ቦይ ሰፈር ሲደርስ «ወርዳለች» ሆነ። እሷ እየወጣች ሰፈሩ ወረደች ብሎ እልል አለ፣ ሰርጉም ደራ። ጠባቂው ማንም ሰው ሽቅብ ሲሸሽ ባያይ ጊዜ ተራራውን በሩጫ ወርዶ፣ አመድ እንደለበሰ ሙሽሮቹ ፊት ቆመ። ሰርገኛው ሳህኑን እንደያዘ ዳገቱን ወጥቶ ሰርጉን የጨረሰው እዚሁ ቤት፣ በዚሁ የስፌት መኪና ዙሪያ ነው። ያኔ ሐይቋ ራሷ ተመልሳ ሰመጠች፤ ማንም አልተጎዳም። እሱ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ለሰው ቁጥር ተናግሮ አያውቅም። «ቁጥሩ ለእኔ፣ ቃሉ ለእናንተ» አለ።

ዳቦ ጋጋሪው አንድ ጫማ እንዳደረገ ደርቆ ቀረ። «እትዬ… እኔ በሰርጌ ቀን የማየው ሙሽራዋን ብቻ ነበር እኮ።»

የሳቀ አልነበረም። ልብስ ሰፊዋ ስልኳን አንስታ ጣቢያው ጋ ደወለች። ለረጅም ጊዜ ጠራ።

«አቤት» አለ በመጨረሻ የደከመ የሴት ድምፅ። ተረኛዋ ናት። «እትዬ! ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ቀብሩ ላይ…»

«እሱን ተዪው። ንገሪኝ፣ ሩቅ ናት ወይስ ቀርባለች?»

«ቁጥሩን እልካለሁ እኮ እትዬ፣ ሳላዛንፍ ነው የምልከው። አሁን ሁለት መቶ…»

«ቁጥር አልጠየቅኩሽም። እዚህ ሰዎቹ ‹ወርዳለች› ብለው ዳቦ እየተካፈሉ ነው።»

ከወዲያ በኩል ነፋሱ ቆርቆሮውን ሲመታ ይሰማል።

«ራዳሩ ዘንብሎ ይሆናል ብዬ ሁለት ጊዜ ወጥቼ አየሁት» አለች ተረኛዋ። «አልዘነበለም። አመድ ይዞት እንደሆነ ጠረግኩት። ያው ነው። ግን ‹ቀርባለች› ካልኩ ሰፈር ሙሉ ሰው ቤቱን ጥሎ ሊወጣ ነው። ብሳሳትስ? ቁጥር ቢሳሳት ራዳሩ ነው ይባላል። ቃል ግን የእኔ ነው። ያ ቃል የጋሼ ነበር፤ እኔ ጋሼ አይደለሁም።»

«እሱም ሲጀምር ጋሼ አልነበረም» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ሰርግ አበላሽቶ ነው ጋሼ የሆነው። ስሚኝ ልጄ፣ ብትሳሳቺ ሰው እኔ ቤት መጥቶ ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል። ለቅሶ ቤት ነው፤ ለመምጣት ሰበብ አይፈልግም። በይ፤ ቁጥሩ ለአንቺ፣ ቃሉ ለእኔ።»

መልሱ ለመምጣት ጥቂት ዘገየ።

«ቀርባለች፣ እትዬ።»

ልብስ ሰፊዋ ስልኩን አስቀመጠች፣ ከፍራሹ ተነሳች፤ ባሏ ከተቀበረ ወዲህ ያለ ደጋፊ ስትነሳ የመጀመሪያዋ ነው። በሩ ሥር ተንበርክካ የለቀስተኛውን ጫማ አንድ በአንድ አነሳች፣ አጣመረች፣ አፍንጫውን ወደ ውጭ አዞረች። ያረጀ፣ አዲስ፣ የልጅ፣ ተረከዙ ያለቀ። ለቀስተኛው ዳቦውን እንደያዘ ያያታል። ከባሏ ጫማ ስትደርስ አልነካችውም፤ እሱ እንደሆነ አስቀድሞ ወደ ውጭ ዞሯል።

ከሁሉ ቀድሞ ነገሩ የገባው ዳቦ ጋጋሪው ነው። «ልጆቼን!» ብሎ በአንድ ጫማ ወጣ። ሌላውን ጫማ የሟች እህት ከኋላው ወረወረችለት። የተቀሩትም ተከተሉት። ወዲያው ተረኛዋ ራሷ ሬዲዮ ገባች። ዜና አንባቢው ሳያስተዋውቃት፣ ከኳስ ውጤት በፊት፣ «ቀርባለች» አለች። ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ እንጂ ቃሉ ግልጽ ነበር፤ ከተማው ለመረዳት ሌላ ቃል አላስፈለገውም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቦይ ሰፈር ጓዙን ይዞ ዳገት ላይ ባሉት ቤቶች ተከፋፈለ፤ ትልቁ ድርሻ ግን ለለቅሶ ቤቱ ደረሰ። የልብስ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አራት ሕፃናት ተጋደሙ። ያልተሰፋ መጋረጃ ብርድ ልብስ ሆነ። የአንዲት ሙሽራ ቬሎ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ስታይ የዳቦ ጋጋሪው ሚስት «ይሄ ቤት ሰርግ ሳይቀላቅል ለቅሶ አያውቅም» አለች። የሳቁም፣ ያፈሩም ነበሩ። ታላቅ እህቱ ሳቁን ስትሰማ ልትቆጣ አፏን ከፍታ፣ ወንድሟ ልጅ ሆኖ የእናታቸውን ድስት ለራዳርነት ጣራ ላይ ሰቅሎ እንደተገረፈ አወራች። ራዳር የሚባል ነገር ያኔ እንዳልሰሙ ሁሉም ያውቃል፤ ማንም ግን አላረማትም።

ልብስ ሰፊዋ በሰው መሀል እየተዘዋወረች ትራስ ታድላለች። ደክሟታል፣ ግን ደስ ብሏታል፤ ደስ ማለቷም አላሳፈራትም። እሱ ቢኖር ይህን ያህል ሰው በአንድ ጣራ ሥር ሲያይ እጁን እያፋተገ ይዞር ነበር።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ የተራራው ጎን ተሰነጠቀ። ከዳገቱ ሆነው አዩት፤ ቀይ ክር ከላይ ተመዘዘ፣ ወፍራም ሆነ፣ በደረቁ ቦይ ወረደ። የእግር ድልድዩን በላ፣ የዳቦ ጋጋሪውን የእንጨት ክምር በላ፣ ከምድጃው ቤት ፊት ለፊት ሲደርስ እየጠቆረ እየጠቆረ ቆመ። ከሰፈሩ ያልወጣ ነፍስ አልነበረም፤ ዶሮዎቹ ሳይቀሩ ወጥተው ነበር።

«ምድጃዬን ልታቀጣጥልልኝ መጥታ ነው» አለ ዳቦ ጋጋሪው። «እንጨቱን ግን አስቀድማ ባትጨርሰው ምን ነበረበት?» ከዚያ ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞሮ እጇን ይዞ ቆመ።

ሐይቋ በስንጥቁ በኩል ፈስሳ ጎደለች። ይህን ለማወቅ ራዳር ያሻል፤ አናቱ በጭስ ተሸፍኗልና።

ሁሉም ወደ ቤት ተመለሰና ጠበቀ። ቀኑ ሊመሽ ሲል ልብስ ሰፊዋ ጨርቁን ከሬዲዮው ላይ አንስታ ከፈተችው። ከውስጥ የወረቀት ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያ የሰው ትንፋሽ። ሻይ ሲጠጣ የነበረው ሁሉ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ሩቅ ናት» አለች ተረኛዋ።

ከዚያ ዝም አለች። ዝምታው ረዘመ። ታላቅ እህቱ «ምን ሆነች? ጨርሺው እንጂ!» ብላ ሬዲዮውን ልትነቀንቀው ተነሳች። ልብስ ሰፊዋ እጇን ያዘቻት። «ተዪአት፣ እታለም። መልስ ሲዘገይ ደግ ነው።»

«…ተኙ» አለ ሬዲዮው እያለቀሰ።

ታላቅ እህቱ ተመልሳ ተቀመጠችና ፊቷን በትሪው ሸፈነች። «ይቺ ልጅ» አለች ከትሪው ጀርባ። «ይቺ ልጅ ስትወርድ እኔ ነኝ ሻይ የምቀዳላት። ማንም እንዳይቀድመኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ወደ በሩ ሄዳ ተንበረከከች። የቦይ ሰፈርን ጫማ ሁሉ፣ የሕፃናቱን ሳይቀር፣ ጥንድ ጥንዱን ወደ ውስጥ አዞረች። የራሷንም አዞረች። በመጨረሻ የቀሩት አመድ የለበሱት ጫማዎች ነበሩ።

በቀሚሷ ጫፍ አመዱን ጠረገችላቸው፣ የተፈታውን ክር አሰረች። ከዚያ ሁለቱንም አንስታ፣ ከተጋቡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አፍንጫቸውን ወደ ቤት አዞረች።

«ሩቅ ናት» አለችው፣ እንባዋ ጫማው ላይ እየወረደ። «ተኛ።»